ስማቸው በሸክላው ላይ ላልሰፈረ ሙዚቀኞች፦ ለሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ፋውንዴሽን
ለእጩ አቅራቢ ኮሚቴው አባላት
ኒው ዮርክ እና ክሊቭላንድ

ጉዳዩ፦ የስቱዲዮ አጃቢ ሙዚቀኞች በቡድን ወደ አዳራሹ እንዲገቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ኖቬምበር 8 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ ባካሄዳችሁት ሥነ ሥርዓት የሙዚቃ ልህቀት ሽልማት ከሰጣችኋቸው ሦስት ባለሙያዎች ሁለቱ በሕይወት አልነበሩም፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ሽልማቱን እንደማይቀበሉና በሥፍራው እንደማይገኙ ከወራት በፊት አስታውቀው ነበር። እንግሊዛዊው ፒያኒስት ኒኪ ሆፕኪንስ ያረፈው በ1994 ነው፤ የፊላደልፊያው አቀናባሪና ፕሮዲዩሰር ቶም ቤልም በ2022 አልፏል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ወይዘሮ ካሮል ኬይ ግን በወቅቱ የ90 ዓመት አዛውንት ሆነው ሽልማቱን ያልፈለጉበትን ምክንያት ራሳቸው ተናግረዋል፤ የሽልማቱ አሰጣጥ በ1960ዎቹ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ይሠሩ የነበረውን ሥራ እንደማያንጸባርቅ፣ የስቱዲዮ ሙዚቀኛ ምን ጊዜም የቡድን አባል እንጂ ብቻውን የሚቆም ተጫዋች እንዳልሆነ አስረድተዋል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የወይዘሮ ኬይ ቃል የአንድ ሰሞን ወሬ ሆኖ እንዳያልፍ ነው። ንግግራቸው ቅሬታ ብቻ አልነበረም፤ አዳራሹ ከመጋረጃ ጀርባ ለሠሩ ሙዚቀኞች ክብር የሚሰጥበት መንገድ የቱ ጋ እንደተጣመመ በትክክል የሚያመለክት ነበር፤ መንገዱን ማቃናት ደግሞ በእናንተ እጅ ነው። በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ለአማርኛ አንባቢዎቼ አስቀድሜ እገልጻለሁ።

አዳራሹ የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች በ1986 ሲቀበል ቸክ ቤሪን፣ ጄምስ ብራውንን፣ ሬይ ቻርልስን፣ ኤልቪስ ፕሪስሊንና ጓዶቻቸውን በድምፃዊነት አስገባ። በዚያው ዓመት መድረክ ላይ ላልወጡ ሰዎችም በር ተከፍቶ ነበር፤ የሜምፊሱ የስቱዲዮ ባለቤት ሳም ፊሊፕስና የሬዲዮ አቅራቢው አለን ፍሪድ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት የሸክላ ኩባንያ ባለቤቶቹና ፕሮዲዩሰሮቹ አህመት ኤርተጉን፣ ጄሪ ዌክስለርና ሊዮናርድ ቼስ ተከተሉ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ ማናቸውም ቢሆኑ አይገባቸውም አልልም። የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ከነበሩት መካከል ቢሮ ውስጥ የተቀመጠውና ውል የፈረመው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲከበር፣ መሣሪያውን ይዞ ድምፁን ራሱን ያወጣው ሙዚቀኛ ለምን 14 ዓመት ጠበቀ? ለአጃቢ ሙዚቀኞች የተለየ ዘርፍ የተከፈተው በ2000 ነበር፤ ሃል ብሌን፣ ኧርል ፓልመር፣ ስኮቲ ሙር፣ ኪንግ ከርቲስና ጄምስ ጄመርሰን በዚያ ዓመት ገቡ። ከአምስቱ ኪንግ ከርቲስ ከሞተ 29 ዓመት፣ ጄመርሰን ደግሞ 17 ዓመት አልፎት ነበር።

ስለ ጄመርሰን ትንሽ ረዘም አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ የምጠይቃችሁ ነገር በሙሉ በእሱ ሕይወት ውስጥ ይገኛልና። ቤሪ ጎርዲ በ1959 ያቋቋመው የሞታውን ኩባንያ ዲትሮይት ከተማ ዌስት ግራንድ ቡልቫርድ ላይ በነበረ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ስቱዲዮው የተዘጋጀው ከቤቱ ጋር ተያይዞ በተሠራ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ሙዚቀኞቹ የእባብ ጉድጓድ ይሉት ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የሚጫወቱት ከጃዝ ቤቶች የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ናቸው፤ በኋላ ፈንክ ብራዘርስ በሚል ስም ታወቁ። ጄመርሰን ቤዙን የሚመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች አንድ ጣት የሚያወጣው መስመር ከዜማው ሥር ሌላ ዜማ ሆኖ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ቤዝ ጊታር ምት ጠባቂ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከእሱ በኋላ ግን ቤዝ የሚዘፍን መሣሪያ ሆነ፤ የቢትልሱ ቤዝ ተጫዋች ፖል ማካርትኒም ከእሱ መማሩን በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ሸክላውን ገልብጦ የሚያነብ አድማጭ ግን የጄመርሰንን ስም አያገኝም ነበር። ሞታውን የተጫዋቾቹን ስም በአልበም ልባስ ላይ ማስፈር የጀመረው በ1971 በማርቪን ጌይ አልበም ሲሆን፣ ጄመርሰን በዚያ ላይ በአድናቆት ተጠቅሷል። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር የዲትሮይቱ ቡድን ተበተነ። በ1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት በታላቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲከበር ጄመርሰን አልተጋበዘም፤ ቲኬት ገዝቶ እንደማንኛውም ተመልካች ገብቶ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር በ47 ዓመቱ አረፈ።

አሁን የእናንተን መዝገብ ከዚህ ታሪክ ጎን አስቀምጡት። ማርቪን ጌይና ስሞኪ ሮቢንሰን በ1987 ገቡ። ሱፕሪምስና ቤሪ ጎርዲ በ1988፣ ቴምፕቴሽንስና ስቲቪ ወንደር በ1989፣ ፎር ቶፕስ እንዲሁም የዘፈን ደራሲዎቹ ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ በ1990 ገቡ። ኩባንያውን የመራው፣ ግጥምና ዜማውን የጻፉት፣ የዘፈኑት ሁሉ በአራት ዓመት ውስጥ ከብረዋል። እነዚህን ዘፈኖች ሁሉ የተጫወተው አንድ ቡድን ነው፤ ከእሱ የገቡት ጄመርሰን በ2000፣ ድራመሩ ቤኒ ቤንጃሚን ደግሞ በ2003 ናቸው። ቤንጃሚን የሞተው በ1969 ነበር። የኪቦርዱና የቡድኑ መሪ ኧርል ቫን ዳይክ፣ በቴምፕቴሽንስ እጅግ ታዋቂ ዘፈን መግቢያ ላይ ያለችውን በዓለም ሁሉ የምትታወቅ የጊታር ሐረግ የተጫወተው ሮበርት ኋይት፣ ጊታሪስቶቹ ኤዲ ዊሊስና ጆ ሜሲና፣ ድራመሮቹ ዩሪየል ጆንስና ሪቻርድ አለን፣ ባለ ታምቡሪኑ ጃክ አሽፎርድ እስከ 2025 በነበረው ዝርዝር ውስጥ የሉም። ግራሚ በ2004 የዕድሜ ልክ አስተዋፅኦ ሽልማቱን ለፈንክ ብራዘርስ በቡድን ሰጥቷል። ሌላው የቻለውን እናንተ የማትችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ በአንድ እየመረጡ ማስገባት ለምን እንደማይበቃ ከሌላ አቅጣጫ የሚያሳየው የጆኒ ጆንሰን ታሪክ ነው። በ1952 የአዲስ ዓመት ዋዜማ በሴንት ሉዊስ አካባቢ የራሱ ሦስት ሰው ያለው ቡድን የነበረው ይህ ፒያኒስት ሳክስፎን ተጫዋቹ ስለታመመበት አንድ ወጣት ጊታሪስት ለአንድ ምሽት ቀጠረ፤ ወጣቱ ቸክ ቤሪ ነበር። ቡድኑ ከጊዜ በኋላ የቤሪ ሆነ፤ ጆንሰንም ወደ ጎን ተገፍቶ በስተርጅና ሴንት ሉዊስ ውስጥ አውቶቡስ እየነዳ ይኖር ነበር። ለዘፈኖቹ አብሮ ደራሲ መሆኔ ይታወቅልኝ ብሎ በ2000 ፍርድ ቤት ቢሄድም ጊዜው አልፏል በሚል ክሱ ውድቅ ተደረገ። ቤሪ የገባው በመጀመሪያው ዓመት፣ ጆንሰን ደግሞ በ2001 ነው። የጆንሰን ስም ይነሳ ዘንድ ኪት ሪቻርድስን የመሰለ ዝነኛ ሰው መሟገት ነበረበት። እንዲህ ያለ ጠበቃ ያላገኘ ሙዚቀኛ ስሙን ማን ያነሳለት?

ይህ ጥያቄ ክላይድ ስተብልፊልድንና ጆን ጃቦ ስታርክስን ያስታውሰኛል። ሁለቱ የጄምስ ብራውን ድራመሮች ነበሩ። ስተብልፊልድ በ1969 ሲንሲናቲ ውስጥ በተቀረጸ አንድ የብራውን ዘፈን መካከል ሌሎቹ ሙዚቀኞች ሲያቆሙ ለብቻው የመታት አጭር የድራም ምት በሂፕ ሆፕ ዘመን ከ1,000 በላይ በሆኑ ዘፈኖች ውስጥ ተቆርጣ ገብታለች። ያቺን ምት ከተጠቀሙት መካከል ፐብሊክ ኤነሚ በ2013 ወደ አዳራሹ ገብቷል። ጄምስ ብራውን በ1986 ገብቷል። ምቷን የመታው ሰው ግን በዘፈኑ ደራሲነት ስሙ ስላልተመዘገበ ምቷ ተቆርጣ ከገባችባቸው ዘፈኖች አንዳች የባለቤትነት ክፍያ ሳያገኝ በ2017 በማዲሰን ከተማ አረፈ፤ ስታርክስም በዓመቱ ተከተለው። ሁለቱም በመዝገባችሁ የሉም። ድራም የሚያጠና ወጣት በየትኛውም አገር ይሁን የእነሱን ምት ሳይለማመድ አያልፍም፤ ስለዚህ ተፅዕኖ የሚለው ቃል በደንባችሁ ውስጥ ትርጉም ካለው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በላይ የሚገልጸው አላውቅም።

የአላባማዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። ባሪ ቤኬት፣ ሮጀር ሆኪንስ፣ ጂሚ ጆንሰንና ዴቪድ ሁድ የመስል ሾልስ የሪትም ቡድን ናቸው። የዘር መድልዎ በጠናበት ዘመንና ግዛት ውስጥ እነዚህ ነጭ ወጣቶች እነ ዊልሰን ፒኬትን የመሳሰሉ ጥቁር ድምፃውያንን አጅበዋል፤ በ1969 ደግሞ ከአሠሪያቸው ተለይተው ሼፊልድ ከተማ ውስጥ የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሮሊንግ ስቶንስ ድረስ መጥቶ ቀርጿል። ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ስፑነር ኦልድሃም በ2009 ገብቷል። ከአራቱ ሦስቱ፣ ቤኬት በ2009፣ ጆንሰን በ2019፣ ሆኪንስ በ2021 አልፈዋል።

የምጠይቀው ነገር አዲስ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ከዚህ ቀደም አድርጋችሁታልና። በ2012 ልዩ ኮሚቴ አቋቁማችሁ ቀደም ሲል መሪ ድምፃዊዎቻቸው ብቻ የገቡላቸውን ስድስት ቡድኖች በአንድ ጊዜ አስገባችሁ፤ የቢል ሄሊ ኮሜትስ፣ የበዲ ሆሊ ክሪኬትስ፣ የጄምስ ብራውን ፌመስ ፍሌምስ፣ የስሞኪ ሮቢንሰን ሚራክልስ፣ የሃንክ ባላርድ ሚድናይተርስና የጂን ቪንሰንት ብሉ ካፕስ ነበሩ። ይህ በአዳራሹ ታሪክ ውስጥ እጅግ ከማከብራቸው ውሳኔዎች አንዱ ነው። መሪውን ለይተን ከዙሪያው ያሉትን መተዋችን ስህተት ነበር ብሎ አንድ ተቋም በይፋ ማረሙ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም እርማቱ ለአንዳንዶች ዘግይቶ ነበር። የፌመስ ፍሌምሱ ቦቢ ባርድ ጄምስ ብራውን ከእስር ሲወጣ ቤተሰቦቹ ተቀብለው ያስጠጉት፣ ወደ ቡድኑም ያስገባው ሰው ነው፤ ባርድ በ2007 ስላረፈ ስሙ ሲጠራ አልሰማም። በዚያው በ2012 የድምፅ መሐንዲሶቹ ቶም ዳውድ፣ ግሊን ጆንስና የኒው ኦርሊንሱ ኮሲሞ ማታሳ ተሸልመዋል፤ ማታሳ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ ከእጃችሁ ክብሩን ሲቀበል ምን ያህል እንደሚለይ እናንተ በዓይናችሁ አይታችሁታል።

ድምፃውያንም ቢሆኑ ከዚህ መዘግየት አላመለጡም። ኤልቪስ በ1956 የዘፈነውን ዝነኛ ዘፈን መጀመሪያ በ1952 የቀረጸችው ዊሊ ሜይ ቢግ ማማ ቶርንተን ነበረች። ኤልቪስ በ1986 ገባ፤ የዘፈኑ ደራሲዎች ሊበርና ስቶለር በ1987 ገቡ፤ እሷ ግን በ1984 ሞታ በ2024 ገባች።

ይህ ለምን በአማርኛ ተጻፈ የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። የዚህ ሙዚቃ ተፅዕኖ ከአሜሪካ ውጭ ምን ያህል እንደተጓዘ ከሚመሰክሩት ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። አለማየሁ እሸቴ በ1960ዎቹ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲዘፍን ከኤልቪስና ከጄምስ ብራውን የቀሰመው በአለባበሱ፣ በአዘፋፈኑና በመድረክ እንቅስቃሴው ሁሉ ይታይ ስለነበር በእነሱ ስም እየተጠራ ይወደስ ነበር። የእኛ ድራመሮችና ቤዝ ተጫዋቾች ከነዚያ ሸክላዎች የተማሩት ከድምፃዊው ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው ከሚሰማው ምትም ነበር። ስለዚህ እነዚያ ስም የለሽ መምህራን ለእኛም መምህራን ናቸው፤ ስማቸው ሲጠራ ማየት ለእኛም ይመለከተናል።

ለጥያቄዬ ሊቀርብ የሚችለውን ዋና ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ቀላልም አይደለም። የስቱዲዮ ቡድን እንደ መድረክ ቡድን ቋሚ አባላት የሉትም፤ ዛሬ የመጣው ነገ ይቀራል፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካል። የቡድኑ ስም ራሱ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ የወጣ ነው፤ ወይዘሮ ኬይ አብረዋቸው የሠሩት የሎስ አንጀለስ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ዛሬ የሚታወቁበትን ሬኪንግ ክሩ የሚለውን ስም እሳቸው ራሳቸው አይቀበሉትም። በአንዳንድ የሞታውን ዘፈኖች ላይ ቤዙን ማን እንደተጫወተ በእሳቸውና በጄመርሰን ወገኖች መካከል ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔ ግን ይህ ተቃውሞ ሥራውን ለመተው ሳይሆን በጥንቃቄ ለመሥራት ምክንያት ነው እላለሁ። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላት የተቀረጹባቸው ውሎች ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ስቱዲዮ፣ በምን ክፍያ እንደተጫወተ የሚመዘግቡ ሰነዶች ናቸው። የሁሉም ዘፈኖች አልተሟሉም፤ የተገኙት ግን ለማስረጃ የሚበቁ ናቸው። አዳራሹ ክሊቭላንድ ውስጥ የራሱ ቤተ መጻሕፍትና የሰነድ ማዕከል አለው። የታሪክ ባለሙያዎች፣ የማኅበሩ መዝገብና በሕይወት ያሉ የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት አንድ ላይ ቢቀርቡ የአንድን ቡድን ዋና አባላት መለየት የማይቻል ነገር አይደለም።

ሕጉም ቢሆን እነዚህን ሰዎች ፈጽሞ አልረሳቸውም፤ የሰጣቸው ቦታ ግን ትንሽ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የኤኤምና የኤፍኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ለተጫዋቹ አይከፍልም። በዲጂታል ሬዲዮ ከሚሰበሰበው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ደግሞ 50ው ለቅጂው ባለቤት፣ 45ቱ ለዋናው ድምፃዊ ወይም ቡድን፣ ቀሪው 5 ዶላር ለአጃቢ ሙዚቀኞችና ድምፃውያን በሙሉ ይከፋፈላል። ይህን ድርሻ መለወጥ በእናንተ ሥልጣን ውስጥ አይደለም። ስም መጥራት ግን በእናንተ ሥልጣን ውስጥ ነው፤ ለሙዚቃ ልህቀት ሽልማት ተሸላሚዎችን የሚመርጠውም ከ1,000 የሚበልጡት የአዳራሹ ድምፅ ሰጪዎች ሳይሆኑ የራሳችሁ ኮሚቴ በመሆኑ፣ ከውስጥ ፈቃድ በቀር የሚያግዳችሁ ሕግ የለም።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የ2012ቱን ዓይነት ልዩ ኮሚቴ ዳግም አቋቁሙ፤ ሥራውም የስቱዲዮ ቡድኖችን መመርመር ብቻ ይሁን። ፈንክ ብራዘርስን፣ የመስል ሾልስን የሪትም ቡድንና የሎስ አንጀለስ የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን የአባላቱ ሙሉ ስም ተዘርዝሮ በቡድን አስገቡ፤ ስተብልፊልድንና ስታርክስንም በአንድነት። ከእንግዲህ የሙዚቃ ልህቀት ሽልማት ሲሰጥ በዕድሜ የገፉና በሕይወት ያሉ ባለሙያዎች ቅድሚያ እንዲያገኙ በደንባችሁ ውስጥ አስፍሩ። በመጨረሻም ውሳኔውን ከማሳወቃችሁ በፊት ከወይዘሮ ኬይና ከዘመን ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጣችሁ ስቱዲዮ ውስጥ ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠይቋቸው፤ መልሳቸውም በአዳራሹ የሰነድ ማዕከል ይመዝገብ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሙዚቃ አድማጭ

ግልባጭ፦
ለአማርኛ አንባቢ ሙዚቃ ወዳጆች ሁሉ